ስድስት ልጅ፣ አንድ ምጣድ፣ ሁለት ዓይን

ክረምት ላይ ደብረ ማርቆስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ብዙም አትነቃም፤ ብርዱ አያስነሳም። እኛ ሥራ ያለን እናቶች ግን በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነን። ልጅ በጀርባ፣ ጃንጥላ በአንድ እጅ፣ የምሳ ዕቃና የዳይፐር ፌስታል በሌላው፤ ከጭቃው መሃል ድንጋይ እየመረጥን እየረገጥን ወደ አንድ ግቢ እንገባለን። በሩ ላይ ታፔላ የለም። ግድግዳው ላይ የዝሆንና የአበባ ሥዕል የለም። እትዬ በሩን ይከፍቱና "ና የኔ ጌታ" ብለው ልጁን ከጀርባችን ላይ ይቀበሉናል። ከዚያ ልጁ ሳያይ ሹልክ ማለት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ቤት ስም አልወጣለትም። "የሕፃናት ማቆያ" ሲባል የምናስበው ፈቃድ ያለውን፣ ወለሉ ምንጣፍ የሆነውን፣ ክፍያው የሚያስደነግጠውን ነው። ይኼኛውን "ልጅሽን የት ታውያለሽ?" ሲሉን "እትዬ ጋ" እንላለን፤ አለቀ። ባሕር ዳርም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ቡሬም፣ ዳንግላም ብትሄዱ እትዬ ጋ የሚውል ልጅ ሞልቷል። ስም የሌለውን ቤት ማን ይመዘግበዋል? ማንስ ገብቶ ምድጃው የት እንደተጎለተ ያያል?

ይህ ቤት ለምን እንደበዛ ለማወቅ ትንሽ መቀነስ ይበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ጤና ጣቢያ ደግሞ "ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ" ይለናል። ከ180 ላይ 90 ሲቀነስ 90 ይቀራል። ያንን 90 ቀን ሕፃኑ የት ይዋል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር፤ ያዘጋጁም አሉ። ሽንኩርትና ቃሪያ ለምትቸረችር፣ የቀን ሥራ ለምትውል፣ የግል ትምህርት ቤት ለምታስተምር እናት ግን ያ አንቀጽ አይደርስላትም። ድሮ ክፍተቱን የምትሞላው አያት ነበረች። አሁን አያት ገጠር ናት፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በግጭቱ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ የልጅ ልጇን ለማየት እንኳ ቀን ትቆጥራለች። የቀሩት እትዬ ናቸው።

አምና ከልጄ ጋር የምትውል የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ተቃጠለች። ከሰል ላይ የተጣደ ጀበና ነው። ልጅቷ አንገቱን ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበችው፤ የፈላው ቡና ከአገጯ እስከ ደረቷ ወረደባት። እትዬ በዚያን ሰዓት ጓዳ ምጣድ ላይ ነበሩ፤ ሊጡን አዙረው አክንባሎውን ሊከድኑ። ጩኸቱን ሰምተው ሲሮጡ እጃቸው ሊጥ በሊጥ ነበር፤ እሱኑ ቀቧት። ደግሞም አውቀው ነው፤ ለቃጠሎ ሊጥ ያበርዳል ሲባል ሰምተው ነው ያደጉት። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ስደርስ ልጅቷ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች፣ ሊጡ ደርቆ ቆዳዋ ላይ ቅርፊት ሠርቷል። ሆስፒታል የተቀበለችን ነርስ ቁስሉን ከማየቷ በፊት ያንን ቅርፊት ስታነሳ ብዙ ደቂቃ ፈጀባት፤ ልጅቷ በቃጠሎው ካለቀሰችው ይልቅ በሊጡ ያለቀሰችው ይበልጣል።

ነርሷ እጇ ሥራ ላይ እንዳለ የነገረችን ይህን ነበር። ለቃጠሎ የመጀመሪያው ሕክምና ቀዝቃዛ፣ የሚፈስ ውኃ ነው፤ 20 ደቂቃ ሙሉ። በረዶ አይደለም። ቧንቧው ከሄደ በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ይቻላል። ልብሱን ማውለቅ፣ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ካለ ግን አለመጎተት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መውሰድ። ቶሎ ያልተደረሰበት እንኳ ቢሆን እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማቀዝቀዙ ይጠቅማል። እንደ ማርቆስ ባለ ብርድ አገር ደግሞ ያልተቃጠለውን የልጁን ገላ እያሞቁ ነው። ሊጥ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና ሁሉም ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ አፍነው ያስቀሩታል፤ ቁስሉንም ለማመርቀዝ ያጋልጡታል።

ልጅቷ ዳነች። እናቷ ግን ሁለተኛ አላመጣቻትም፤ ሰፈሩም "ሴትዮዋ ግድ የላቸውም" ሲል ከረመ። እትዬን የወደደው ወገን ደግሞ "ምን ያድርጉ፣ ልጅ በዕድሉ ነው የሚያድግ" አለ። ሁለቱም አልተዋጠልኝም። የመጀመሪያው ጥፋቱን በአንዲት ሴት ጠባይ ላይ ይጥላል፤ ሁለተኛው ለፈጣሪ ይተወዋል። ሁለቱም ስለ ምጣዱ አያነሱም። ስድስት ልጅ ቤት ውስጥ እያለ እትዬ ለምን እንጀራ ይጋግራሉ?

ስሌቱን እንሥራው። ለአንድ ልጅ በወር 1,000 ብር እንከፍላለን እንበል፤ ስድስት ልጅ 6,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ ከሰል፣ ሳሙና፣ ውኃ ይነሳል። የቀረው አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ አይገዛም። ስለዚህ ለሆቴል እንጀራ ይጋግራሉ። ሌላዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ሌላዋ አረቄ ታወጣለች፣ ሌላዋ የሰው በርበሬ ትቀነጥሳለች። ክፍያው ላይ "ትንሽ ቀንሱልን" ብለን የተከራከርነው እኛ ነን፤ ሳናውቀው የተከራከርነው ስለ ዓይናቸው ነው። ለግማሽ ዓይን ከፍለን ሙሉ ዓይን እንጠብቃለን። ስለዚህ ልጅ የሚያስገባ ወላጅ ሴትዮዋ ደግ ናቸው ወይ ብሎ ሰፈር ከመጠየቁ በፊት ልጅ ይዘው ሌላ ምን እንደሚሠሩ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ደግነቱን እኔም እመሰክራለሁ።

ቁጥሩም እንዲሁ። እንግሊዝ አገር ቤቷ ልጅ የምታውል ሴት በመደበኛው ደንብ በአንድ ጊዜ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ከስድስት ልጆች በላይ አትይዝም፤ ከእነዚያም ከአምስት ዓመት በታች የሆኑት ከሦስት፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከአንድ አይበልጥም። እኛ ደንቡን እንዳለ እንቅዳው አልልም፤ ኑሯችን ሌላ ነው። ግን የተቆጠረበትን ምክንያት ማየት ነው። እሳት ቢነሳ አንድ ሰው ስንት ልጅ ተሸክሞ ይወጣል? ዓመት ያልሞላቸው ሁለት፣ ምናልባት። ሦስተኛው መራመድ አለበት።

ከሚታየው እሳት ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጭሱ ያለቀው ከሰል ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ናት፤ ከሐምሌ እስከ ጥር ቤት ውስጥ እጅ ይቆረጥማል። ልጆቹን "ብርድ እንዳይመታቸው" መስኮቱ ይዘጋል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል፣ ከሰሉ ደጅ ላይ ተቀጣጥሎ "አሁንማ ቀልቷል" ሲባል ወደሚተኙበት ክፍል ይገባል። ችግሩ ጭሱ ማለቁ የጋዙ ማለቅ አለመሆኑ ነው። ከቀላ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ደም ውስጥ ኦክስጅን በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ ይመረዛል። አዋቂ ራሱን ሲያመው፣ ሲያጥወለውለው ወጥቶ አየር ይወስዳል። የስምንት ወር ሕፃን ራሴን አመመኝ አይልም፤ ይደበታል፣ ይተኛል። "ዛሬ ደኅና ተኙልኝ" የሚባለው በእንዲህ ያለ ቀንም ሊሆን ይችላል። ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል፤ ጋዙን ግን አያስቀረውም። ከሰል ልጅ ወደሚተኛበት ክፍል አይገባም፤ እዚህ ላይ መደራደር የለም። ለብርዱ ካልሲ፣ ኮፍያና ወፍራም ፍራሽ አለ።

የማገዶው ጭስ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚገድል ነው፤ ልጆች ላይ የሳንባ ምች ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። የሳንባ ምችን ለመጠርጠር ሐኪም መሆን አያስፈልግም፣ ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃል። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ ደረቱን ገልጦ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። ከ2 ወር እስከ ዓመት ያለው በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ዳማከሴ ጨምቆ ማደር የለም። ይህን ለእትዬ ሳሳያቸው የልጄን ደረት እያዩ "ሠላሳ ሁለት" ብለው ቆጠሩ። እኔ ሠላሳ አራት ብዬ ነበር። ተሳስቀን ተውነው።

ጎጃም የእህል አገር ነው፤ ስለዚህ እዚህ የሚነሳ ሌላ ቦታ እምብዛም የማይነሳ ነገር አለ፦ የነቀዝ መድኃኒት። ከታኅሣሥ በኋላ ጤፉ፣ በቆሎው፣ ስንዴው በጆንያ ሆኖ ሳሎን ጥግ ይደረደራል፤ ከተማም ቢሆን ከገጠር የመጣ ቀለብ አለ። ጆንያው መሃል በጨርቅ የተቋጠረ ክኒን ይከተታል። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን የአየሩ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው እሱ ነው፤ ሰውንም እንዲሁ። ማርከሻ የለውም፤ ሆስፒታል የሚደረገው ሰውነቱ እስኪቋቋመው መደገፍ ብቻ ነው። ጋዙ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል። ልጆቹ የሚተኙት የት ነው? ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ ብዙ ጊዜም ጆንያውን ተንተርሰው። የነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የመሰለ ሽታ ካለ ልጆቹን ይዞ መውጣት ነው፤ ሽታ አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ገበያ ላይ አለ፤ ነቀዙን አየር አሳጥቶ ይገድለዋል፣ ክኒን አይፈልግም። ያንን መግዛት ያልቻለ እህሉን ልጅ ከማይገባበት ክፍል ያኑር። ሌላ ክፍል የሌለው ቤት ክኒን የገባበት እህል እስካለ ድረስ የሰው ልጅ ባያውል ነው የምለው፤ ጨከንሽ ብትሉኝም።

ሌላው መርዝ የሚኖረው በሃይላንድ ኮዳ ውስጥ ነው። በረኪና ከሱቅ ተቀንሶ የሚገዛው በሃይላንድ ነው። ነጭ ጋዝም በሃይላንድ። አረቄም በሃይላንድ። ልጁ ውኃ የሚጠጣበትም ሃይላንድ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በምን ይለየው? አረቄ ለአዋቂ ስካር ነው፤ ለሕፃን ግን የደሙን ስኳር አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ጠላ ቤት ውስጥ ልጅ ዝም እንዲል ቅራሪ ማቅመስ የሚቀናቸውም አሉ፤ እሱም መጠጥ ነው። በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅን ማስመለስ ክልክል ነው። ጣት መክተት፣ ጨው በውኃ ማጠጣት የለም። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ይደግመዋል፤ ነጭ ጋዝ ከሆነ ደግሞ ሳንባ ይገባል። ልጁንም ኮዳውንም ይዞ ወደ ሐኪም ነው።

ውኃውን ባጭሩ ልለፈው። ባሕር ዳር ብዙ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ አለ፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ክዳን አይባልም። መራመድ የጀመረ ልጅ ራሱ ከብዶት በጭንቅላቱ ባልዲ ውስጥ ከገባ መውጣት አይችልም፤ አንድ ጆግ የማይሞላ ውኃም ለመስጠም ይበቃል። የሽንት ቤቱ በር ከውጭ ከፍ ብሎ የሚቀረቀር መሆን አለበት።

ቆሎ ላይ ግን ልቆይ፤ ከማንም ጋር የምጣላበት እሱ ነውና። ቡና ያለ ቆሎ የለም፣ ቡና ባለበት ደግሞ ልጅ አለ፤ እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ ዝም የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ጠንካራ ነገር አድቆ ማኘክ ገና በደንብ አይችልም። ገብሱም፣ ሽምብራውም፣ ለውዙም እየሳቀ ወይም እየሮጠ ሳለ ትንፋሽ ቧንቧው ውስጥ ይገባል። ልጁ ካሳለ፣ ከጮኸ አየር አለ ማለት ነው፤ ያስል። ድምፁ ከጠፋ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ዓመት ያልሞላውን በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍ መምታት፤ ካልወጣ ገልብጦ የደረቱን አጥንት መሃል በአንድ እጅ መዳፍ ሥር አምስት ጊዜ መጫን። ከዓመት በላይ ለሆነው ጀርባው ከተመታ በኋላ ከኋላ አቅፎ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ መግፋት። እስኪወጣ ማፈራረቅ ነው። የማይታየውን ነገር ለማውጣት ጣት መስደድ ይብሱን ያስገባዋል።

ስለ በሽታ ደግሞ ዋናው ጥያቄ "ካርዱን አምጭ" የሚለው ነው። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት አየሩ ላይ ይቆያል፤ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ቀድሞም ይተላለፋል። ስለዚህ "የታመመ ልጅ አልቀበልም" ማለት ብቻውን አያድንም፣ ሲቀበሉት ደኅና ነበረና። የሚያድነው በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው ክትባት ነው። ሁለተኛውን ብዙ እናት ትረሳዋለች፤ ልጁ ቆሟል፣ ይሮጣል፣ ማን ጤና ጣቢያ ያስታውሳል? ዘጠኝ ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ገና አልተከተበም፤ የሚጠብቀው የሌሎቹ መከተብ ነው። አንዷ እናት "የኔ ልጅ ጉዳይ ምናገባችሁ" ብትል፣ አንድ ክፍል ውስጥ እስከሚተነፍሱ ድረስ ያገባናል።

ተቅማጥ ከፖፖ ወደ ማንኪያ የሚሄደው በእጅ ነው። ፖፖ ከደፉ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት በሳሙና መታጠብ የሚባለው ቀላል ይመስላል፤ ውኃው በጀሪካን ደጅ ተቀምጦ፣ አንድ ልጅ እያለቀሰ፣ ሌላው ሲጎትት ግን ቀላል አይደለም። ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ከሽንት ቤቱ በር ላይ ማስቀመጥ ከምክር ይበልጣል። ሕይወት አድን ቅመም ሁለት ፓኬት መደርደሪያ ላይ ይኑር፤ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው የሚበጠበጠው፤ በኩባያ ቆንጥሮ አይሆንም። ጡጦ ደግሞ በየጊዜው የሚቀቅል ከሌለ ቢቀር ይሻላል፤ የታለበ የጡት ወተት በንጹሕ ኩባያና ማንኪያ ይሰጣል። በተለመደው የክፍል ሙቀት አራት ሰዓት ይቆያል፣ "ብርድ መታው" ተብሎ አይደፋም። ማር አገራችን ቢሆንም ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይቀመስም።

አንድ ነገር ከወላጅ ፈቃድ ውጭ እንዳይደረግ በግልጽ መነገር አለበት፦ እንጥል። ልጁ ሲያስለው፣ አልጠባ ሲል "እንጥሉ ወርዷል" ተብሎ ቆራጭ ዘንድ የሚወሰድበት ጊዜ አላለፈም፤ የወተት ጥርስ መንቀሉም እንዲሁ። የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ እንደ ራሳቸው ልጅ ስላዩት ነው። ደም መፍሰሱና መመረዙ ግን ፍቅር አያውቅም።

መንግሥት ምን ያድርግ ቢባል አዲስ መሥሪያ ቤት አልጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት ይገባሉ፣ ሽንት ቤት ያያሉ፣ ካርድ ይጠይቃሉ። እትዬ ቤትም ገብተው ያውቃሉ፤ የጠየቋቸው ስለ ራሳቸው ቤተሰብ ነው። "የሰው ልጅ ስንት ያውላሉ?" የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር ቤቱ ስም ባይኖረውም መዝገብ ላይ ይገባል። ፈቃድና ግብር ከፊት ከመጣ ግን ሁሉም በሩን ይዘጋል፤ ልጆቹ ከተዘጋው በር ኋላ ይውላሉ።

ከዚያ ቃጠሎ በኋላ የቀረነው አምስት እናቶች ተሰበሰብን። ስብሰባው ጥሩ አልነበረም፤ አንድ አባት "ልጅ ለማዋል ይህ ሁሉ ሸንጎ" ብሎ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ። ክፍያውን ጨመርን፣ እትዬም የሆቴሉን እንጀራ ወደ ምሽት አዞሩት፤ ቡናው ልጆቹ ሲተኙ ሆነ። ጓዳው በር ላይ አናጢ እስከ ወገብ የሚደርስ መዝጊያ ሠራልን፤ እትዬ ሲሻገሩት ቀሚሳቸው ይይዛቸዋል፣ ይረግሙታል። በረኪናው ከሃይላንድ ወጥቶ ክዳኑ በሚጠነክር ቢጫ ጀሪካን ቁም ሳጥኑ ላይ ተሰቀለ። ግድግዳው ላይ የስልካችን ቁጥር፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ቅርብ ያለ የባለ ባጃጅ ቁጥር ተጽፏል፤ መንገድ ሲዘጋ አምቡላንሱ ላይደርስ ይችላልና። የክትባት ካርዶቹ ፎቶ ኮፒ በአንድ ደብተር ውስጥ ነው። አራት ካርድ አለ። አምስተኛዋ እናት "ሰኞ አመጣለሁ" ካለች ሦስተኛ ሰኞዋ ነው፤ እትዬ "እኔ አላፍርም፣ በር ላይ ነው የምመልሳት" ብለዋል። ነገ ሰኞ ነው።